የግጭት ማዕድን ምንድን ነው? የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲገዙ ምን መጠየቅ ይቻላል?

የግጭት ማዕድን በሚል የሚታወቁት አራት ናቸው፦ ቆርቆሮ (ቲን)፣ ታንታለም፣ ተንግስተን እና ወርቅ። በምሥራቅ ኮንጎ ታጣቂዎች ጉድጓዶቹንና መንገዶቹን ይዘው ከቆፋሪውም ከነጋዴውም ግብር እየሰበሰቡ ጦርነታቸውን ይደጉሙባቸዋል። የታንታለም ምንጭ የሆነው ኮልታን በብዛት የሚወጣባት የሰሜን ኪቩዋ ሩባያ በ2024 እ.ኤ.አ. ኤም23 በተባለው ታጣቂ ቡድን እጅ ወድቃለች።

ቆርቆሮ የሌለበት የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የለም ማለት ይቻላል፤ እርሳስ የሌለበት የተለመደው የብየዳ ሊድ 96.5 በመቶው ቆርቆሮ ነው። ወርቅ የማገናኛ እግሮችን ይለብጣል፣ ተንግስተን የስልክ መንዘሪያ ሞተር ክብደት ይሆናል። ታንታለም ግን ዋና ቤቱ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያጠራቅም ክፍል) ነው።

የአሜሪካው የ2010 የዶድ-ፍራንክ ሕግ አንቀጽ 1502 ኮንጎንና ዘጠኝ ጎረቤቶቿን ይመለከታል፤ ኩባንያዎች ምንጩን አጣርተው እንዲያሳውቁ ያስገድዳል እንጂ ግዢውን አይከለክልም። ከ2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በበኩሉ ግጭት ያለበትን ማንኛውንም አካባቢ ያካትታል። ቀንጢቻ ላይ ታንታለም ያላት ኢትዮጵያ ከአሜሪካው ሕግ ዝርዝር ውጭ ናት።

ገዢው ሊጠይቀው የሚገባ ሰነድ ሲኤምአርቲ ይባላል፤ ሪስፖንሲብል ሚነራልስ ኢኒሼቲቭ ያዘጋጀው የኤክሴል ቅጽ ነው። ታዋቂ አምራቾች በድረ ገጻቸው ያስቀምጡታል ወይም ሲጠየቁ ይልካሉ። መጀመሪያ ሰነዱ የሚሸፍነውን ወሰን ይመልከቱ፦ «ኩባንያ» ከተባለ ዝርዝሩ የድርጅቱን ማቅለጫዎች በሙሉ ይይዛል፣ እርስዎ ስለሚገዙት ዕቃ ለይቶ አይናገርም። ቀጥሎ በማቅለጫዎቹ ገጽ ላይ ያለውን የሲአይዲ ቁጥር (የማቅለጫውን መለያ) ይዘው ከሪስፖንሲብል ሚነራልስ ኢኒሼቲቭ የኦዲት ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ። ማቅለጫው ላይ የምናተኩረው ማዕድኑ አንዴ ከቀለጠ የሩባያው ከሌላው ስለማይለይ ነው። ይህም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም፤ የሩባያ ኮልታን ወደ ሩዋንዳ ተሻግሮ ከዚያው ምርት ጋር እንደሚደባለቅ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ሪፖርት አድርገዋል።

«ከኮንጎ ምንም አልገዛም» ማለት ግን መፍትሔ አይደለም። እንዲህ ያለው ውሳኔ የሚጎዳው በአካፋና በዶማ ቆፍሮ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረውን ሰው ነው፤ ታጣቂው ሌላ ገዢ አያጣም። ከኮንጎም ቢሆን ምንጩ ተጣርቶ የሚመጣውን መግዛት ይሻላል።

ቦርድ ራስዎ የሚሠሩ ወይም የሚጠግኑ ከሆነ ቆርቆሮን ማስቀረት አይቻልም፣ ታንታለምን ግን ብዙ ጊዜ ይቻላል። 10 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት ታንታለም ካፓሲተርን ኤክስ7አር በሚባለው የሴራሚክ ካፓሲተር ዓይነት ሊተኩት ይችላሉ፤ ሆኖም ሴራሚክ ቮልቴጅ ሲያርፍበት አቅሙ ይወርዳል፣ ትናንሾቹ ከግማሽ በላይ ሊያጡ ይችላሉ። ስለዚህ 22 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት ይምረጡና የአምራቹን የቮልቴጅ ግራፍ ይዩ። ሌላው ችግር የሚመጣው ከሬጉሌተር (ቮልቴጁን ቋሚ ከሚያደርገው ክፍል) ነው። ኤልኤም1117 የተባለው ሬጉሌተር ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ) በውጤቱ በኩል ያለው ካፓሲተር የውስጥ ሬዚስታንሱ ከ0.3 እስከ 22 ኦም እንዲሆን ይጠይቃል። ሴራሚክ ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ሬጉሌተሩ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ከካፓሲተሩ ጋር በተከታታይ 1 ኦም ሬዚስተር ይጨምሩ፣ ወይም ለሴራሚክ የተሠራ ሬጉሌተር ይጠቀሙ።

ከአሮጌ ቦርድ ነቅሎ መጠቀም ደግሞ አዲስ ማዕድን ጨርሶ አይጠይቅም። በቦርድ ላይ በሚለጠፈው ታንታለም መስመሩ ያለበት ጫፍ ፖዘቲቭ ነው፣ በአሉሚኒየሙ ግን ኔጌቲቭ። ተገልብጦ ከተበየደ ሾርት አድርጎ ሊቃጠል ይችላል። በትክክል ቢበየድም ከተጻፈበት ቮልቴጅ ከግማሽ በላይ አይጫኑበት፦ 16 ቮልት የሚለው ለ5 ቮልት መስመር በቂ ነው፣ ለ12 ግን አይሆንም።