አይጥ ላይ ስኳር አወረደ ማለት መድሃኒት ተገኘ ማለት አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመድሃኒት ተክሎችን ኤክስትራክት (ተክሉ ተዘፍዝፎ የሚወጣውን ነገር) ለስኳር በሽታ ከሚሞክሩት ሰዎች አንዷ ነኝ፣ ስራዬ ቅጠል መዘፍዘፍ፣ ማጥለል፣ አይጥ መመዘን፣ ደም ማንበብ ነው። ስራውን እወደዋለሁ፣ ተክሎች ውስጥ ትልቅ ነገር እንዳለም አምናለሁ። ግን አንድ የላብራቶሪ ውጤት "የስኳር መድሃኒት ተገኘ" ተብሎ ሼር ሲደረግ ልቤ ይደነግጣል፣ ምክንያቱም ያንን አንብቦ መድሃኒቱን የሚያቆም ሰው አለ። እና ደጋግሜ የምሰማቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

"አይጥ ላይ ሰርቷል፣ ሰው ላይም ይሰራል"

መጀመሪያ አይጧ እንዴት ስኳር እንደያዛት እንይ። ታማ አትመጣም፣ እኛ ነን የምናሳምማት። ስትሬፕቶዞቶሲን የሚባል ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ኬሚካል አለ፣ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሰሩትን ቤታ ሴሎች መርጦ ይገድላል። ቶሎ ስለሚበላሽ ቀዝቃዛ በፈር (አሲድነቱ የማይለዋወጥ ፈሳሽ) ውስጥ ተሟሙቶ ወዲያው ነው የሚወጋው፣ ከዛ ሴሎቹ ሲፈርሱ ውስጣቸው የነበረው ኢንሱሊን ባንዴ ስለሚፈስ ስኳሯ ወርዶ በዛው ሌሊት እንዳትሞት የምትጠጣው ውሃ ላይ ግሉኮስ እንጨምርላታለን። ከጥቂት ቀን በኋላ ከጭራዋ ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ወስደን ስትሪፕ ላይ እናደርጋለን፣ ሳትበላ ቆይታ ግሉኮሜትሩ ከ200 በላይ ካነበበ ጥናቱ ውስጥ ትገባለች።

አሁን ይሄ ከሰው ታይፕ 2 ጋር ምን ያህል ይመሳሰላል? የሰው ታይፕ 2 ለአመታት ሰውነት ኢንሱሊንን አልሰማ እያለ፣ ቆሽትም እየደከመ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር ነው፣ የኛዋ አይጥ ግን በሁለት ሶስት ቀን ውስጥ ቆሽቷ የተመታ ወጣት እንስሳ ናት። ቅባት የበዛበት መኖ ለሳምንታት አብልቶ ከዛ በትንሽ ዶዝ መውጋት ትንሽ ያቀራርበዋል፣ ያም ሆኖ አይጥ አይጥ ናት።

ሌላው ደግሞ ስኳር የሚወርደው በጥሩ ምክንያት ብቻ አይደለም። አንዴ አንድ ኤክስትራክት ለሁለት ሳምንት ሰጥተን ትልቁ ዶዝ ስኳሩን በጣም አወረደው፣ ቁጥሩን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ደስታ ነበር። ከዛ የክብደት መዝገቡን አወጣን፣ ትልቁን ዶዝ የወሰዱት አይጦች ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ከስተዋል፣ መኗቸውም ሳይነካ ነው የተረፈው። ኤክስትራክቱ አሳምሟቸው ነው እንጂ አላዳናቸውም፣ ያልበላ እንስሳ ስኳሩ ይወርዳላ! ከዛ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ጥናት ሲመጣልኝ ከስኳሩ በፊት ክብደቱን ነው የማየው። ቀጥሎ ደግሞ ኮንትሮሉን፣ ማለትም ኤክስትራክት የሌለበት ፈሳሽ ብቻ የተሰጣቸው አሉ ወይ፣ እነሱስ ስኳራቸው ወርዷል ወይ፣ በታወቀ መድሃኒት ለምሳሌ በግሊቤንክላማይድ ወይም በሜትፎርሚን የታከሙ አሉ ወይ። ይሄ ከሌለ "ወረደ" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረኝም።

"የላብራቶሪ ቱቦ ውስጥ ኢንዛይሙን 90% አቁሟል"

ስታርች ወደ ግሉኮስ የሚሰብረውን አልፋ ግሉኮሲዳዝ የሚባል ኢንዛይም ማለታቸው ነው። ታኒን (ሻይ ላይ አፍ የሚያኮማትረው ነገር) የበዛበት ተክል ብዙ ፕሮቲን ላይ እየተጣበቀ ስራ ሊያስቆም ይችላል፣ ስለዚህ ቱቦ ውስጥ ጥሩ ቁጥር ማግኘት ያን ያህል ከባድ አይደለም። ጥሩ መነሻ ነው፣ በቃ መነሻ ነው።

"ቅጠሉን ቤት ብቀቅለው ያው ነው"

አይደለም። እኛ ቅጠሉን ጥላ ላይ አድርቀን ፈጭተን ብዙ ጊዜ 80% ሜታኖል ውስጥ ለ72 ሰአት ያህል እንዘፈዝፈዋለን፣ ከዛ አጥልለን ሜታኖሉን በማሽን እናተነዋለን፣ የሚቀረው ዝልግልግ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ነው ኤክስትራክት የምንለው። ሜታኖል የሚያወጣውና ውሃ የሚያወጣው ኬሚካል አንድ አይነት አይደለም። (ሜታኖል ራሱ መርዝ ነው፣ አይን ያጠፋል ይገድላል፣ እባካችሁ ማንም ቤት ውስጥ እንዳይሞክረው።)

ዶዙንም እናስላው። ለአይጥ በኪሎ 400 ሚሊግራም ተሰጠ እንበል። ለትንሿ የላብራቶሪ አይጥ የሚሰጠውን ወደ ሰው ለመቀየር በ12.3 ነው የሚካፈለው፣ ስለዚህ በኪሎ 32.5 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 2.3 ግራም አካባቢ ኤክስትራክት ማለት ነው። ከ100 ግራም ደረቅ ቅጠል 10 ግራም ኤክስትራክት ይወጣል ብንል በቀን 23 ግራም ደረቅ ቅጠል፣ ያውም በሜታኖል የወጣ። ታዲያ "በቀን አንድ ስኒ ጠጡ" የሚለው ምክር ከየትኛው ሂሳብ ነው የመጣው? ደግሞ ይሄ ስሌት ሰው ላይ የመጀመሪያውን ሙከራ ከየት እንጀምር ለማለት የሚሰራበት እንጂ ለሰው የሚታዘዝ ዶዝ አይደለም።

"ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም"

እዚህ ላይ ቤልጂየም የሆነውን ነገር መናገር አለብኝ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዛ ሀገር ክብደት ለመቀነስ የቻይና ቅጠላ ቅጠል ያለበት ክኒን ይወስዱ የነበሩ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሸ፣ ተጎጂዎቹ በኋላ ከ100 በላይ ሆነው ተገኙ። ሲጣራ አንዱ ተክል በስም በሚመሳሰል በሌላ ተክል፣ አሪስቶሎኪያ በሚባል ተቀይሮ ነበር፣ እሱ ውስጥ ያለው አሲድ ደግሞ ኩላሊት ያበላሻል ካንሰርም ያመጣል። ለዛ ነው እኛ አንድ ተክል ከመንካታችን በፊት ናሙናውን ለእፅዋት ባለሙያ አሳይተን ስሙን አረጋግጠን በቁጥር የምናስቀምጠው፣ ብዙ ሰው ቢሮክራሲ ይመስለዋል፣ የሰው ኩላሊት ነው።

"አይጦቹ በኪሎ 2000 ሚሊግራም ወስደው አልሞቱም" የሚለውም እንዳያታልላችሁ። ያ ሙከራ ባንድ ጊዜ የተሰጠ ዶዝ ነው፣ ከዛ 14 ቀን ይታያሉ። ስኳር ያለበት ሰው ግን መድሃኒቱን እድሜ ልኩን ነው የሚወስደው።

"ሜትፎርሚንም እኮ ከተክል ነው"

ይሄን የሚሉት ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል፣ ግማሹን ግን ትተውታል። ጋሌጋ የሚባል ተክል አለ፣ ውስጡ ያለው ጋሌጂን ስኳር ያወርዳል፣ በ1920ዎቹ ሰው ላይ ተሞክሮ ነበር፣ ግን መርዛማነቱ አስቸገረና ተተወ። ተክሉን የበሉ በጎች ይሞታሉ። ሜትፎርሚን ከሱ ጋር የሚዛመድ ግን ላብራቶሪ ውስጥ የተሰራ ሌላ ሞለኪውል ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰራው በ1922 ሲሆን ፈረንሳዊው ሀኪም ዣን ስተርን የስኳር ህመምተኞች ላይ ሞክሮ ውጤቱን ያወጣው በ1957 ነው፣ አሜሪካ ደግሞ የፈቀደችው በ1994። ከቅጠል ተነስቶ እዚህ ለመድረስ የሄደው መንገድ ይሄን ያህል ነው፣ እና ተክሉን በቀጥታ ብንበላ ኖሮ የምናገኘው ሜትፎርሚንን ሳይሆን መርዙን ነበር።

"ካምፓኒዎች ሆን ብለው ደብቀውት ነው"

ካምፓኒዎች ተክል አይንቁም፣ ያሳድዱታል እንጂ። ፍሎሪዚን በ1835 ከፖም ዛፍ ልጣጭ የወጣ ነገር ነው፣ ስኳር በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል፣ ግን አንጀት ውስጥ ስለሚሰባበርና ተቅማጥ ስለሚያመጣ መድሃኒት መሆን አልቻለም፣ ኬሚስቶች ቅርፁን እየቀየሩ ቆይተው ዳፓግሊፍሎዚን ተሰርቶ አውሮፓ በ2012 ተፈቀደ። ኤክሴናታይድ የሚባለው መርፌ መነሻው የእንሽላሊት ምራቅ ነው፣ በ2005 ተፈቀደ! የእንሽላሊት ምራቅ ድረስ የሄደ ሰው የሚሰራ ቅጠል አግኝቶ ዝም አይልም።

"እኔ ጠጥቼ ወርዶልኛል"

ይሄን የሚለኝን ሰው አልጣላውም፣ ቁጥሩን አይቶ ነው። ግን ስኳር በየሰአቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ቅጠሉን የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ምግቡንም ያስተካክላል፣ ክኒኑንም አብሮ ይወስዳል። የሁለት ሶስት ወር አማካዩን የሚያሳየው ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ የሚባለው የደም ምርመራ ነው፣ ያም ቢሆን አንድ ሰው አንድ ሰው ነው። ቀረፋን ተመልከቱ፣ መጀመሪያ በትንሽ ጥናት አስደናቂ ውጤት ታየ፣ በ2012 ግን 577 ሰዎች የተሳተፉባቸው 10 ጥናቶች አንድ ላይ ሲገመገሙ ይሰራል ለማለት የሚበቃ ማስረጃ አልተገኘም።

ባንዴ በጣም የሚያወርድ "ንፁህ የተፈጥሮ" ዱቄት ካያችሁ ደግሞ ጠርጥሩ። በ2008 ሲንጋፖር ውስጥ ስኳር የሌለባቸው 150 ሰዎች ስኳራቸው በጣም ወርዶ ሆስፒታል ገቡ፣ ብዙዎቹ ለወሲብ ብርታት ተብለው በህገወጥ መንገድ የሚሸጡ ነገሮች ወስደው ነበር፣ ውስጡ ግሊቤንክላማይድ ተጨምሮበት ተገኘ፣ 4 ሰዎች ሞቱ።

"ታይፕ 1ም ቢሆን በቅጠል ኢንሱሊን ማቆም ይቻላል"

አይቻልም። ታይፕ 1 ላይ ቤታ ሴሎቹ በራሱ በሰውነት መከላከያ ተጠቅተው አልቀዋል፣ ኢንሱሊንን የሚተካ አንድም ተክል የለም፣ በ1922 መርፌው እስኪመጣ ድረስ እነዚህ ልጆች ይሞቱ ነበር። ኢንሱሊን ያቆመ ልጅ ማስመለስ ከጀመረ፣ ሆዱን ካመመው፣ ትንፋሹ እየፈጠነና እየጠለቀ የፍራፍሬ ሽታ ከመጣበት ደሙ አሲድ እየሆነ ነው፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ በዛችው ሰአት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ ቅጠል ወስዶ ከነበረም ለሀኪሙ ስሙን ንገሩት፣ ካላችሁ ደግሞ ቅጠሉን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።