ፒያሳን በእግር፦ ከጊዮርጊስ እስከ ጣይቱ

ፒያሳ አዲስ አበባ መሃል የተቀመጠች፣ ራሷን የቻለች ትንሽዬ አሮጌ ከተማ ናት ብል ማጋነን አይመስለኝም። አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱ ማዶ ኮረብታው ላይ ሆነ፣ ገበያው ደግሞ እዚህ ጊዮርጊስ ሥር አራዳ ላይ ቆመ፣ ከዛ አርመኑም ግሪኩም ህንዱም ሱቅ እየከፈተ ከበበው፣ ጣልያን ሲገባ ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍቶ መርካቶ አደረገውና እዚህ የቀረውን ፒያሳ አለው፣ በዛው ቀረ።

መነሻ ጊዮርጊስ ይሁን፣ ከላይ ወደ ታች። ከታች የጀመረ ሰው የቸርችል ዳገት ላይ ትንፋሹን ይጨርሳል፣ ሰፈሩ እኮ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል። ቤተክርስቲያኑ ስምንት ማዕዘን ነው፣ ከአድዋ ድል በኋላ የተሠራ፣ ግንባታው ላይ የተማረኩ ጣልያኖች ሠርተዋል ይባላል። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። በየካቲት 1929 ጣልያን አቃጠለው፣ ከነጻነት በኋላ ታደሰ፣ የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎችና ባለቀለም መስታወቶችም ገቡበት። ጠዋት ፀሐይ መስታወቱ ላይ ስታርፍ ማየት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ያን ያህል አይደለም።

ከጊዮርጊስ ፊት ለፊት ምኒልክ ፈረሳቸው ላይ አሉ። ሐውልቱ የተመረቀው ከኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ነው፣ ጣልያን ነቅሎ ቀበረው፣ ከድል በኋላ ተቆፍሮ ወጥቶ ቦታው ላይ ተተከለ። ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም ተነቅሎ ያውቃል፣ የሱ ግን በ2005 ለባቡሩ መስመር ሲባል ነው፣ በ2008 ተመለሰ። አጠገቡ በየካቲት 2016 የተከፈተው የአድዋ ድል መታሰቢያ አለ፣ ትልቅ ነው፣ ለብቻው ግማሽ ቀን ይበላልና ከዚህ ጉዞ ጋር ባትቀላቅሉት ይሻላል።

ከዛ ወደ ፒያሳ ልብ። እዚህ ጋር ቀስ ማለት ነው፣ ዓይን ደግሞ ከሱቁ ሳይሆን ከማስታወቂያው በላይ ይሁን፣ ምክንያቱም ከታች ያለው የስልክ ካቨርና ጫማ ምናምን ነው፣ አሮጌው ነገር ያለው ከላይ ነው፦ የእንጨት ሰገነት፣ ቀለሙ የለቀቀ መዝጊያ፣ የዛገ ቆርቆሮ። ወርቅ ቤቶቹ ግን በዓይን ቁመት ነው የሚታዩት። ጠባብ ናቸው፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይጠብቃል፣ ባለቤቱ ቀለበቱን ትንሿ ሚዛን ላይ ጣል አድርጎ የዕለቱን የግራም ዋጋ ይነግራችኋል፣ ሙሽሮች ደግሞ ከእናቶቻቸው ጋር ሆነው ይከራከሩታል። የሠርግ ወቅት ከሆነ ትዕይንቱ ለብቻው ያዝናናል።

ቡና ሲያሰኝ ቶሞካ አለ፣ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ቡና እየቆላ ያለ ቤት። ሽታው መንገድ ላይ ነው የሚቀበላችሁ። ማኪያቶውን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ክንዳችሁን አስደግፋችሁ ቆማችሁ ነው የምትጠጡት።

ጣይቱ ሆቴል ቁልቁል ነው። በምኒልክ ዘመን የተሠራ፣ የከተማው የመጀመሪያ ሆቴል፣ ደረጃውና ወለሉ እንጨት ስለሆነ ስትረግጡት ሲጢጥ ይላል። በጥር 2007 እሳት ተነስቶ ጉዳት አድርሶበታል፣ የጃዝ ሙዚቃ የሚሰማበት ጃዛምባም ያኔ ነው የተቃጠለው። የጾም ቡፌውን ግን ሰው በጣም ይወደዋል።

አሁን አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም፣ በ2016 በኮሪደር ልማቱ ብዙ ፈርሷል። ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር የለም፣ ነዋሪውም ወደ ዳር ዳር ኮንዶሚኒየም ሄዷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መንገዱ ጸድቷል፣ መብራቱም ያምራል፣ ለመራመድ በእርግጥ ከድሮው ይቀላል። እኔ ግን የሚቆጨኝ ቅርስ የሚባሉት ሕንፃዎች ቢተርፉ እንኳን በመካከላቸው የነበረው ጠባብ መንገድና ሰው ስለሄደ፣ አንዱን አይታችሁ ወደ ሌላው ስትሄዱ መሃሉ ባዶ ይሆንባችኋል።

ለመሄድ እሁድ ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ወርቅ ቤት ለማየት የፈለገ ግን በሥራ ቀን ይምጣ፣ ጫማም ምቹ ያድርግ።