ትራንስ ሴትን መምታት ሕጉ ይፈቅዳል?

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ እንዲህ ሲባል እሰማለሁ፦ «ሕጉ ራሱ ይከለክላቸዋል፤ ቢመቷቸው ማን ይጠይቃል?» ስህተት ነው። ሰው የሚያስጎዳ ስህተት።

ትራንስ ሴት ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች፣ ራሷን ግን ሴት አድርጋ የምታውቅ ሰው ናት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚቀጣው በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ወሲባዊ ድርጊትን ነው። ስለ አለባበስ ወይም ስለ አረማመድ አያወራም። ድርጊቱን ፈጽማለች ቢባል እንኳ የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው፤ መንገደኛ አይደለም፣ የሰፈር ጎረምሳም አይደለም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 16 የማንኛውንም ሰው አካል ከጉዳት ይጠብቃል። ሆን ብሎ አካል መጉዳትም በዚያው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 555 እና 556 ያስቀጣል።

በተግባር ግን የተደበደበችው ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ትፈራለች። መታወቂያዋ «ወንድ» ይላል። ከሳሽ ሆና ገብታ ተጠርጣሪ ሆና እንዳትቀር ትሰጋለች፤ ፍርሃቷን ከንቱ ማለት አልችልም። አከራይ ዕቃዋን ደጅ ሲጥል፣ የታክሲ ረዳት ሲሰድባት ዝም የምትለውም ለዚህ ነው። ደብዳቢዎቹም ይህን ዝምታ ያውቁታል።

ድብደባ ያየ ሰው ለፖሊስ መጠቆምና መመስከር ይችላል። ተጎጂዋም ቶሎ ታክማ የሕክምና ማስረጃዋን ብትይዝ ይጠቅማታል፤ ክሱን ዛሬ ባታቀርብም እንኳ።