ሰርቪስ ፓክ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን አንድ ቢሮ ለጥገና ተጠርቼ ሄድኩ። ጸሐፊዋ «ኦፊስ 2007 ላይ ሰርቪስ ፓክ 3 አስጫንኩ፤ ታዲያ ለምን 2010 አልሆነም?» አለችኝ። ኦፊስ የምንለው ዎርድና ኤክሴል ያሉበትን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ነው። የጫነላት ሰው ነው «ወደ 2010 ያድግልሻል» ያላት። ብርም ከፍላለች። ይህን ነገር ከስንት ሰው እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፤ ስለዚህ ልጻፈው።

ሰርቪስ ፓክ ኦፊስን ወደሚቀጥለው አያሳድግም። በያዛችሁት ኦፊስ ላይ የተገኙ ስሕተቶችና የደህንነት ቀዳዳዎች ማስተካከያ በአንድ ተጠቅልሎ የሚመጣበት ጥቅል ነው። ለ2007 ሦስት ወጥቶለታል፤ የመጨረሻው በ2011 ነበር (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። እሱን የጫነ ሰው ያው 2007 ነው ያለው፤ ግን የተጠገነ 2007።

የመንዝ በርኖስ አስቡ። ሲለበስ ይቀደዳል። ባለቤቱ ዛሬ ትከሻውን፣ በወሩ ጫፉን ይጥፋል። ይሄ በየጊዜው የሚመጣው አፕዴት ነው። ሰርቪስ ፓክ ደግሞ እስከዚያ ቀን የታየውን ቀዳዳ ሁሉ ቁጭ ብሎ በአንዴ መጣፍ ነው። የተጣፈ በርኖስ ያው በርኖስ ነው፤ ካፖርት አይሆንም። አንዳንዴ ግን ጣፊው ኪስ ይጨምርበታል። የ2007 ሰርቪስ ፓክ 2 ሲመጣ ኦፊሱ ሌላ ነገር ሳይጫንበት ሰነድን በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ጀመረ። ብዙ ሰው «አዲስ ኦፊስ ነው» ያለው ይችን ኪስ አይቶ ይመስለኛል። መጣፊያው ከልብሱ ጋር መስማማትም አለበት። ኦፊስ 2010 32 ቢት እና 64 ቢት በሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ነው የወጣው፤ የ64 ቢቱ ካላችሁ የ32 ቢቱ ጥቅል አይጫንም።

ሌላው «1ን እና 2ን ሳትጭን 3ን ብትጭን ይበላሻል» የሚለው ነው። አይበላሽም። የ2007 ሰርቪስ ፓክ 3 የቀደሙትን ሁለቱን በውስጡ ይዟል። በሞባይል ዳታ ሦስቱንም አውርዱ ብሎ ሰውን ማስከፈል ልክ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን «ኮምፒዩተራችን ኢንተርኔት የለውም፤ አፕዴት ምን ያደርግልናል?» የሚለው ነው። ፍላሹስ? ከመሐል ሜዳ ሪፖርት ይዞ የመጣው ፍላሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ፣ ትምህርት ቤት ዞሮ ነው እናንተ ጋ የሚደርሰው። በ2017 ኦፊስ ውስጥ የሒሳብ ቀመር መጻፊያው ላይ አንድ ቀዳዳ ተገኘ። ክፍሉ ከ2000 ጀምሮ ያለ ነው፤ 17 ዓመት ማንም አላየውም። ተንኮል ያለበትን ሰነድ መክፈት ብቻ ኮምፒዩተሩን ለሌላ ሰው አሳልፎ ይሰጣል። ማስተካከያው በኅዳር ወር ወጣ፤ ለ2007 ጭምር፣ የማይክሮሶፍት ድጋፉ በጥቅምት ካበቃ በኋላ። ግን የሚጫነው ሰርቪስ ፓክ 3 ባለው 2007 ላይ ነው። 2010 ከሆነ ደግሞ ሰርቪስ ፓክ 2 ይፈልጋል። መሠረቱ ከሌለ ኋላ የሚመጣው ማስተካከያ የሚያርፍበት የለውም። ለዚህ ነው ነገሩ ከስም ክርክር የሚያልፍብኝ።

ዋስትና ግን አልሰጥም። ለ2003 ማስተካከያ መውጣት ያቆመው በ2014 ነው። ለ2010 በ2020፣ ለ2013 በ2023 ቆሟል። ከዚያ ወዲህ በርኖሱ ቢቀደድ ጣፊ የለውም። የተሟላለት አሮጌ ኦፊስ ካልተሟላለት ይሻላል፤ ከአዲሱ ጋር ግን አይተካከልም። ለ2016 ደግሞ ከመጀመሪያውም ሰርቪስ ፓክ የሚባል አልወጣለትም። «የ2016 ሰርቪስ ፓክ» ብሎ ፍላሽ የሚሰጣችሁ ካለ አትክፈቱት።

ስለ አማርኛም ልጨምር፤ ሁሌ ስለምጠየቅ። በድሮው የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅ ሆኖ ቢወጣ፣ ሰርቪስ ፓክ አያስተካክለውም። ያ ፎንት እዚያ ስለሌለ ነው። 2003 ላይ አዲሱ የዎርድ ሰነድ አልከፈት ካለም መፍትሔው ሰርቪስ ፓክ ሳይሆን የተኳኋኝነት ጥቅል የሚባል፣ አሮጌው ኦፊስ አዲሱን ሰነድ እንዲከፍት የሚያደርግ ሌላ ነገር ነበር፤ ማይክሮሶፍት ግን በ2018 ማቅረቡን አቁሟል። ስትጭኑ ደግሞ መብራት እንዳይቋረጥባችሁ፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ። ሰነዶቻችሁን አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

የናንተው የቱ ጋ እንደደረሰ ለማየት ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ዎርድ 2007 ክፈቱ። ከላይ በግራ ያለችውን ክብ ቁልፍ ተጫኑ። ከታች «ዎርድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሪሶርስስ»፣ ከዚያ «አባውት»። ከረጅሙ ቁጥር ቀጥሎ «ኤስ ፒ 3» የሚል ካያችሁ ተጭኗል።