«ዱላሊ» ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ እንግሊዛዊ ስለ ጓደኛው «ዱላሊ ሆኗል» ካለ፣ ነካ አድርጎታል ማለቱ ነው። ቃሉ ግን የመጣው ከቦታ ስም ነው። ዴኦላሊ ሕንድ ውስጥ፣ ናሺክ አጠገብ ትገኛለች። በቅኝ ግዛት ዘመን የእንግሊዝ ጦር ካምፕ ነበረባት። አገልግሎታቸውን የጨረሱ ወታደሮች ወደ አገራቸው የሚወስዳቸውን መርከብ የሚጠብቁት እዚያ ነው። መርከቡ ደግሞ ወቅት አለው። ወቅቱ ካለፈበት ወራት ሙሉ መቀመጥ ነው። ሥራ የለም፤ ሙቀቱ፣ መጠጡና ወባው ግን ሞልቷል። ሰው ቢያብድ ምን ይገርማል? ሙሉው አባባል «ዱላሊ ታፕ» ነበር፤ «ታፕ» ሕንድ ውስጥ በሚነገረው በኡርዱ ቋንቋ ትኩሳት ነው።

የእንግሊዝ ወታደሮች ከሕንድ ይዘዋቸው ከመጡት ቃላት ግን «ብላይቲ» ለእኔ ከሁሉም ይገርማል። «ቢላያቲ» በኡርዱ የውጭ አገር፣ በተለይ የአውሮፓ ማለት ነው፤ ሥሩ ዐረብኛ ላይ ይደርሳል። ወታደሮቹ ይህንኑ የባዕድ መጠሪያ ወስደው የገዛ አገራቸውን ብሪታንያን ጠሩበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ብላይቲ» የቁስል ስምም ሆነ፦ የማይገድል፣ ግን አገር ቤት የሚያስልክ። እንዲህ ያለ ቁስል ያገኘ ዕድለኛ ይባል ነበር።

«ዴኮ» ቀላል ነው። በሂንዲ «ዴኮ» ሲባል «እዩ» ማለት ነው፤ እንግሊዞቹ ትእዛዙን ስም አድርገውት «እስቲ አንድ ዴኮ ልይ» ይላሉ።