ሚረር ኒውሮን ምንድን ነው? ማየትና መሥራትስ ለአንጎል አንድ ናቸው?

“ለአንጎልህ ማየትና መሥራት አንድ ነው። ሳይንሱ ሚረር ኒውሮን ይለዋል።” ሰሞኑን አንድ የማነቃቂያ ንግግር አቅራቢ ይህን ሲል ሰማሁት። አዳራሹም አጨበጨበለት። ይህ አባባል ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ስንት ዓመቱ! አንድ አይደሉም። ሳይንሱም እንደዚያ አላለም።

መነሻው እውነት ነው። ጣሊያን ውስጥ በፓርማ ዩኒቨርሲቲ ጃኮሞ ሪዞላቲና ባልደረቦቹ በማካክ ጦጣዎች ላይ ያጠኑ ነበር። ኤፍ5 በሚባለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያልጠበቁትን አገኙ። ጦጣዋ አንድ ነገር በእጇ ስታነሳ የሚነቁ ሴሎች፣ ሌላው ሲያነሳ ስታይም ነቁ። ሚረር ኒውሮን፣ ማለትም የመስታወት ነርቭ ሴል፣ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው ጽሑፍ በ1992 እ.ኤ.አ. ወጣ። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለኝም።

ሁሌም የሚዘለለው ቁጥሩ ነው። በ1996 ባሳተሙት ጥናት 532 ሴሎች መዝግበው ነበር። ሚረር ኒውሮን ያሏቸው 92 ናቸው። ከአምስት አንድ እንኳ አይሞላም። በዚያው ክፍል ጦጣዋ ራሷ ስትሠራ ብቻ የሚነቁ፣ ስታይ ግን ጭጭ የሚሉ ሴሎች ሞልተዋል። ታዲያ አንጎል ሁለቱን እንዴት አይለይም ይባላል? ጭጭ ያሉት ሴሎች ራሳቸው ልዩነቱን እየተናገሩ ነው።

መኪና አስቡ። ሞተሩ ተነስቷል፤ ፍሪሲዮኑ ግን ተረግጧል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ኮፈኑ ይሞቃል፣ ጎማው አይዞርም። ሰው ሲሠራ ስናይ የሚሆነው ለዚህ ይቀርባል። በ1995 ሉቺያኖ ፋዲጋና ባልደረቦቹ ይህን በሰው ላይ አሳዩ። ጭንቅላት ላይ በተያዘ ማግኔት እጅን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ቀሰቀሱት። ተሳታፊው የሌላ ሰው እጅ ዕቃ ሲይዝ እያየ ከሆነ፣ በራሱ የእጅ ጡንቻ ላይ የሚመዘገበው ምላሽ ከፍ አለ። ሞተሩ ስለተነሳ ነዳጅ ስትሰጠው ቶሎ ይመልሳል ማለት ነው። ነዳጁን የሰጠው ግን ማግኔቱ ነው። ተሳታፊው እጁን አላንቀሳቀሰም።

ፍሪሲዮኑን ማን ረገጠው? እኔን የሚማርከኝ ይኼ ጥያቄ ነው፤ በየመድረኩ ግን ሲነሳ አልሰማም። በ2009 አሌክሳንደር ክራስኮቭና ባልደረቦቹ በጦጣ አንጎል ውስጥ በቀጥታ ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርዱትን ሴሎች መዘገቡ። ጦጣዋ ስታይ ከፊሎቹ ነቁ። አንዳንዶቹ ግን፣ ስትሠራ የሚነቁ ሆነው ሳለ፣ ስታይ ጸጥ አሉ። በ2010 በታተመ ሌላ ጥናት፣ ለሚጥል በሽታ ሕክምና ኤሌክትሮድ በተገባላቸው ሰዎች አንጎል ውስጥም ሲሠሩ የሚነቁ፣ ሲያዩ የሚቀንሱ ሴሎች ተገኝተዋል። እዚህ ላይ ምሳሌዬ ይጠበኛል። ፍሪሲዮን አንድ ፔዳል ነው። አንጎል ውስጥ ግን መግታቱ በብዙ ቦታ ተበትኖ፣ በየደረጃው የሚሠራ ነው።

ደግሞ ሞተሩ ሁልጊዜ እኩል አይነሳም። በ2005 ቤያትሪስ ካልቮ ሜሪኖና ባልደረቦቿ የባሌትና የካፖዬራ (ትግልና ዳንስ የተቀላቀለበት የብራዚል ጥበብ) ዳንሰኞችን መረመሩ። የዳንሰኛው የእንቅስቃሴ ሥርዓት ይበልጥ የሠራው የራሱን ዳንስ ሲያይ ነበር። “ለምዶት ነው፣ ብዙ ስላየው ነው” ትሉ ይሆናል። እነሱም ይህን ስለጠረጠሩ በዓመቱ ተመለሱበት። በባሌት ወንዶች ብቻ የሚሠሯቸው፣ ሴቶች ብቻ የሚሠሯቸው እንቅስቃሴዎች አሉ። አብረው ስለሚለማመዱ ሁለቱንም ያዩታል፤ እያንዳንዱ የሚሠራው ግን የራሱን ነው። ምላሹ የበረታው ራሳቸው ለሚሠሩት ነበር። እንግዲህ አቶ ተናጋሪ፣ ማየት መሥራትን ከተካ ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

የሙያዬ ነገር ሆኖ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልጨምር አላልፍም። “በኤፍኤምአርአይ ሚረር ኒውሮኖቹ ሲበሩ ታዩ” የሚል ስታነቡ ተጠንቀቁ። ኤፍኤምአርአይ የሚባለው የአንጎል ምስል ማንሻ የደም ፍሰትን ተከትሎ አካባቢን ያሳያል እንጂ ነጠላ ሴል አያሳይም። ኮፈኑን በእጅ ዳስሶ “ሞቋል” እንደማለት ነው፤ የትኛው ሲሊንደር እንደሠራ አይነግርም። በኢኢጂ፣ ማለትም የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ቅል ላይ በሚመዘግበው መሣሪያ፣ የሚለካው፣ ብዙዎች የሚረር ኒውሮን ምልክት አድርገው የሚወስዱት፣ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለሰው ሚዩ ሞገድም የራሱ ጣጣ አለው። ትኩረት ሲቀየር ከሚለዋወጠው ከአልፋ ሞገድ ጋር በቀላሉ ይምታታል።

ሌላው “ከእናት ማህፀን ይዘነው የምንወለደው” የሚለው ነው። በ2007 ካሮላይን ካትመርና ባልደረቦቿ ሰዎችን አንድ ጣት ሲንቀሳቀስ እያዩ ሌላ ጣታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ አሠለጠኑ። ከሥልጠናው በኋላ የጡንቻው ምላሽ ተገለበጠ፤ አንዱን ጣት ሲያዩ የሌላው ጣት ጡንቻ ምላሽ በረታ። ቢያንስ ይህ ክፍሉ በልምድ የሚቀረጽ ነው።

ርኅራኄን፣ ቋንቋን፣ መኮረጅን ሁሉ በእነዚህ ሴሎች የሚያስረዱትን ብዙም አልከተላቸውም። ሴሎቹ የተገኙባቸው ማካኮች ራሳቸው ጎበዝ ኮራጆች አይደሉም። ኦቲዝም “የተሰበረ መስታወት” ነው፣ ማለትም ከሚረር ኒውሮን ብልሽት የመጣ ነው የሚለው ግን ያሳዝነኛል። ጥናቶቹ ሲደመሩ አልደገፉትም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች የሌላውን ድርጊት ዓላማ በደንብ ይረዳሉ። ወላጆች ይህን አባባል ሰምተው ልጃቸውን በዚያ ዓይን ሲያዩት ዝም ማለት ይከብደኛል።

ማየት ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ስትሮክ እጃቸውን ላደከመባቸው ሰዎች በማየት የሚታገዝ ሕክምና አለ። ታካሚው ሰው ኩባያ ሲያነሳ በቪዲዮ ያያል፤ ከዚያ ያንኑ በደከመው እጁ ይሞክራል። በ2007 በታተመ አንድ ጥናት ማነጻጸሪያ የነበሩት ታካሚዎች በኩባያው ፈንታ የጂኦሜትሪ ቅርጾችን አዩ። ድርጊቱን ያዩት የተሻለ አገገሙ። የእጅ ልምምዱን ግን ሁለቱም ቡድኖች ሠርተዋል።