የሴት ብልት ማይክሮባዮም ምንድን ነው? ፕሮባዮቲክስ የት ድረስ ይረዳል?

"ለሴቶች" የሚል ጽሑፍ ያለባቸው የፕሮባዮቲክ እንክብሎች ገበያውን ሞልተውታል። ማሸጊያው "ሚዛን ይጠብቃል"፣ "ጥሩ ባክቴሪያ ይመልሳል" ይላል። የምን ሚዛን? የትኛውን ባክቴሪያ? የዚህን መልስ ሳያውቁ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ አይመስለኝም። እዚህ ጉዳይ ላይ ወሳኙ ነገር የባክቴሪያው ዝርያ ነውና።

ማይክሮባዮም ማለት በአንድ የሰውነት ክፍል ውስጥ አብረው የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ስብስብ ነው። ባክቴሪያውም፣ ፈንገሱም፣ ቫይረሱም ይቆጠራል። አንጀት የራሱ አለው፣ ቆዳ የራሱ አለው፣ የሴት ብልትም የራሱ አለው። ብልት ግን ከአንጀት በአንድ ነገር በጣም ይለያል። አንጀት ውስጥ የባክቴሪያው ዓይነት ሲበዛ በአብዛኛው ጥሩ ምልክት ነው። ብልት ውስጥ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ብዙውን ጊዜ ጤና የሚሆነው አንድ ወገን ሌላውን በልጦ ሲገኝ ነው። ይህ ወገን ላክቶባሲለስ ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር የገለጸው አልበርት ዶደርላይን የተባለ ጀርመናዊ የማህፀን ሐኪም ሲሆን ጊዜውም 1892 እ.ኤ.አ. ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የብልት ግድግዳ ሕዋሳት ግላይኮጅን እንዲያጠራቅሙ ያደርጋል። ግላይኮጅን የተከማቸ ስኳር ነው። ሕዋሳቱ በየጊዜው ይረግፋሉ። ሲረግፉ ግላይኮጅኑ በኢንዛይም ተሰባብሮ የባክቴሪያዎቹ ቀለብ ይሆናል። ላክቶባሲለስ ያንን ተመግቦ ላክቲክ አሲድ ያመነጫል። በዚህ ምክንያት የብልት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲቀንስ አሲዱ ይበዛል) ብዙውን ጊዜ ከ3.8 እስከ 4.5 ባለው ውስጥ ይቆያል። የደም ፒኤች 7.4 አካባቢ ስለሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው። አሲድ በበዛበት ቦታ ብዙ ጎጂ ባክቴሪያዎች መራባት ያቅታቸዋል።

ሆርሞን ሲለወጥ ይህ ሁሉ ይለወጣል። ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች ልጅና ያረጠች ሴት ኢስትሮጅናቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ላክቶባሲለሱም ይቀንሳል፣ ፒኤቹም ከፍ ይላል። በወር አበባ ሰሞን ደሙ ራሱ አሲዱን ያቀልለዋል። የወንድ የዘር ፈሳሽም እንደዚሁ። ስለዚህ አንዲት ሴት በአንድ ወር ውስጥ እንኳ የተለያየ ፈሳሽና የተለያየ ሽታ ማየቷ ተፈጥሯዊ ነው። ይህን ብዙ ሴቶች ቢሰሙት እወዳለሁ። ብልት ጠረን አለው። ጠረን ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ በሽታ አይደለም።

"ላክቶባሲለስ" ስንል አንድ ባክቴሪያ ማለታችን አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ የሚኖሩ ምንም ምልክት የሌላቸውን 396 ሴቶች መርምሮ ማይክሮባዮማቸውን በአምስት ከፈለው። በአራቱ ምድቦች አንድ የላክቶባሲለስ ዝርያ ነግሦ ተገኝቷል። ዝርያዎቹ ክሪስፓተስ፣ ጋሴሪ፣ ኢነርስ እና ጄንሴኒ ናቸው። በአምስተኛው ምድብ ግን ላክቶባሲለስ አነስተኛ ነው፤ ሌሎች ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች ተቀላቅለው ይኖራሉ። ከአራት ሴቶች አንዷ ገደማ እዚህ ምድብ ውስጥ ነበረች፤ ሆኖም ምንም አላመማትም። ለጥቁርና ለሂስፓኒክ ሴቶች ደግሞ ቁጥሩ ከዚያም ከፍ ብሏል። ስለዚህ "ትክክለኛው ማይክሮባዮም ይህ ብቻ ነው" የሚል ሰው ሲያጋጥምሽ ቶሎ አትመኚው።

ከአራቱ ዝርያዎች ክሪስፓተስ እንደ ጥሩ ጠባቂ ይታያል። ኢነርስ ግን የሚያስተማምን አይደለም። ጤናማ ሴት ላይም ይገኛል፣ ችግር ያለባት ሴት ላይም ይገኛል። ክሪስፓተስ ሁለት ዓይነት ላክቲክ አሲድ ሲያመርት ኢነርስ የሚያመርተው አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱም ላክቶባሲለስ ተብለው ይጠራሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም።

ሚዛኑ ሲናጋ በብዛት የሚከሰተው ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ነው። ላክቶባሲለስ ይመናመንና ጋርድነሬላን የመሳሰሉ ኦክስጅን ብዙም የማያስፈልጋቸው ባክቴሪያዎች ይበዛሉ። በዓለም ላይ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከአራት አንዷ ገደማ ይህ አለባት። ብዙዎቹ ምንም አይሰማቸውም። የሚሰማቸው ደግሞ ሳሳ ያለ፣ ግራጫ መሳይ ፈሳሽ እና የዓሣ ዓይነት ሽታ ያያሉ። ሽታው ከግንኙነት በኋላ ይብሳል።

ሐኪም ቤት ምርመራው ቀላል ነው። ከፈሳሹ ትንሽ ተወስዶ መስታወት ላይ ይደረጋል። አንድ ጠብታ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመርበት ያ የዓሣ ሽታ ወዲያው ብድግ ይላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ የብልት ግድግዳ ሕዋሳት በባክቴሪያ ተሸፍነው ጠርዛቸው የተሸራረፈ ይመስላል። ጤናማ ሕዋስ ጠርዙ ጥርት ብሎ ይታያል። እነዚህ ምልክቶች ከፒኤቹ ጋር ተደምረው ለሐኪሙ ብዙ ይነግሩታል።

ይህ የንጽሕና ጉድለት አይደለም። ደጋግሜ ብለው ደስ ይለኛል። እንዲያውም ብልትን ከውስጥ በውሃም ሆነ በሳሙና መታጠብ ላክቶባሲለሱን ጠርጎ ችግሩን ይጠራዋል። የውጪውን ክፍል በውሃ መታጠብ በቂ ነው። ውስጡ ራሱን ያጸዳል። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ በኤችአይቪና በሌሎች የአባላዘር በሽታዎች የመያዝ ዕድልን ከፍ ያደርጋል፤ ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ያለጊዜው ከመውለድ ጋር ተያይዞ ይታያል። ስለዚህ በሃፍረት ችላ የሚባል ነገር አይደለም።

መድኃኒት አለው። ሜትሮኒዳዞል ወይም ክሊንዳማይሲን ይታዘዛል፣ ብዙውን ጊዜም ምልክቱ ይጠፋል። የሚያስመርረው መመለሱ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከታከሙት ከግማሽ በላይ ለሚሆኑት ይመለሳል። አንዱ ምክንያት ባክቴሪያዎቹ የብልት ግድግዳ ላይ ተጣብቀው የሚሠሩት ስስ ሽፋን ነው። መድኃኒቱ ላይ ላዩን ይገድላል፣ ሥር የሰደደው ይተርፋል። ሴቶች ፕሮባዮቲክ ፍለጋ የሚሄዱት እንግዲህ እዚህ ላይ ሲደርሱ ነው። እውነት ለመናገር አልፈርድባቸውም።

ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲወሰድ ለጤና ጥቅም የሚሰጥ ሕይወት ያለው ረቂቅ ተሕዋስ ነው። "ሕይወት ያለው"፣ "በበቂ መጠን"፣ "ጥቅም የሚሰጥ" የሚሉት ሦስቱም መሟላት አለባቸው። አሁን የእንክብሉን ማሸጊያ ገልብጠሽ አንብቢ። ብዙውን ጊዜ የምታገኚው አሲዶፊለስ፣ ራምኖሰስ ወይም ሌላ የአንጀትና የወተት ተዋጽኦ ባክቴሪያ ነው። ክሪስፓተስ የሚገኝበት አልፎ አልፎ ነው። በዚያ ላይ የሚዋጠው እንክብል በሆድና በአንጀት አልፎ፣ ከፊንጢጣ ወደ ብልት ተሻግሮ፣ እዚያ ሰፍሮ መራባት ይጠበቅበታል። መንገዱ ረጅም ነው። እርጎም እንደዚሁ ነው። እርጎ የሚያረጉት ባክቴሪያዎች የብልት ነዋሪዎች አይደሉም። መብላቱ ምንም ችግር የለውም። ብልት ውስጥ ማስገባት ግን አይመከርም።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሕክምና መመሪያ፣ ገበያ ላይ ያሉት የላክቶባሲለስ ምርቶች ለባክቴሪያል ቫጂኖሲስ በተጨማሪነትም ሆነ በምትክነት እንዲሰጡ የሚደግፍ ማስረጃ እንደሌለ ጽፏል።

ተስፋ የለም ማለት ግን አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ ሙከራ 228 ሴቶችን አሳትፏል። ሁሉም በመጀመሪያ በሜትሮኒዳዞል ታከሙ። ከዚያ ለሁለት ሦስተኛዎቹ ከሴት ብልት የተገኘ አንድ የክሪስፓተስ ዓይነት በቀጥታ ብልት ውስጥ ለ11 ሳምንት ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ ባክቴሪያው የሌለበትን ማስመሰያ ወሰዱ። በ12ኛው ሳምንት በሽታው የተመለሰባቸው በመጀመሪያው ቡድን 30 በመቶ፣ በሁለተኛው 45 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። እዚህ የሠራው ትክክለኛው ዝርያ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ ከመድኃኒት በኋላ ስለተሰጠ ነው። ሦስቱም እንደ ተራ እንክብል በቀላሉ የሚገኙ አይደሉም።

ሌላው ትልቅ ዜና የመጣው ከወንዶች በኩል ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት ችግሩ ያለባቸውን ሴቶች ከነአጋሮቻቸው አጠና። ሴቷ ብቻ ስትታከም በ12 ሳምንት ውስጥ በሽታው 63 በመቶ ላይ ተመለሰ። ወንዱም አብሮ የሚዋጥና የሚቀባ መድኃኒት ሲወስድ ወደ 35 በመቶ ወረደ። በሽታው ደጋግሞ ለሚመለስባት፣ ቋሚ አጋር ላላት ሴት ይህ ከየትኛውም እንክብል በፊት ከሐኪሟ ጋር ልትነጋገርበት የሚገባ ነገር ነው። ለዓመታት ሸክሙን ሴቷ ብቻዋን ተሸክማዋለችና።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ይምታታል። የሚያሳክክ፣ ወፈር ብሎ አይብ የሚመስል ነጭ ፈሳሽ ሲኖር ብዙውን ጊዜ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ነው። ካንዲዳ ፒኤቹ ጤናማ በሆነበት ቦታም ያድጋል። ስለዚህ "አሲዱን ይመልሳል" የሚል ምርት እዚህ ላይ ብዙም አይረባም። መድኃኒቱም ሌላ ነው። በግምት ማከም ጊዜም ገንዘብም ያባክናል።

ጤነኛ ሴት ፕሮባዮቲክ ብትወስድ በአብዛኛው ጉዳት አይደርስባትም። የሰውነት መከላከያዋ የደከመ ግን ሐኪም ሳታማክር አትጀምር። ልትገዢ ከወሰንሽ የዝርያው ሙሉ ስም ከነመለያ ኮዱ መጻፉን፣ ሕይወት ያላቸው ባክቴሪያዎች ብዛት እስከ መጠቀሚያ ጊዜው ማብቂያ ድረስ መገለጹን፣ አቀማመጡ ፍሪጅ ይፈልግ አይፈልግ መነገሩን እዪ። እነዚህ ከሌሉ ተዪው። ከእንብርት በታች ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ያለ ወር አበባ ደም ካለ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ሆነሽ ፈሳሽሽ ከተለወጠ፣ መጀመሪያ ወደ ሐኪም ሂጂ።